ከመቀባቱ በፊት ለምን እንደተሰነጠቀ ጠይቁ

አንድ ወዳጄ ባለፈው ዓመት ያገለገለች ቪትዝ ገዛ። ደላላው «ገና ከቀለም ቤት መውጣቷ ነው፤ ሙሽራ በላት» ብሎ ነው ያሳያት። እውነትም ሙሽራ ትመስል ነበር። ክረምቱ አልፎ የመስከረም ፀሐይ ሲወጣ ግን ኮፈኑ ላይ የወፍ እግር የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ብቅ አሉ።

ወደ አንድ ቀለም ቤት ወሰዳት። ሠራተኛው ከሩቅ አየና «ፖሊሽ ይበቃታል» አለው። ከፈለ። ሁለት ሳምንት አብረቀረቀች፤ ከዚያ ስንጥቁ ተመለሰ። ሁለተኛው ቤት «ክሊር እንደርብላት» አለ። ተደረበላት፤ ከፈለ። ሦስት ወር ሳይሞላ ስንጥቁ አዲሱን ክሊር ሰንጥቆ ወጣ። ሦስተኛው ባለሙያ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ኮፈኑን አጠበው፣ ጥላ ውስጥ አስገባው፣ አንድ ጥግ በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቀና «ልጄ፣ ከሥር ያለው አሮጌው ቀለም ራሱ ተሰንጥቋል። እሱ ካልወረደ ማንም ቢቀባው ይመለሳል» አለው።

ይህን ለማወቅ የፈጀው አሥር ደቂቃ ነው። ወዳጄ ግን አሥሩን ደቂቃ ያገኘው ሁለት ጊዜ ከከፈለ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምለው ይህን ነው፦ በመኪና ቀለም ሥራችን ላይ ያለው ትልቁ ችግር የእጅ ማነስ አይደለም። ጎበዝ ቀቢዎች አሉን። የጎደለው ምርመራ ነው። ባለ መኪናው ለማብረቅረቁ እንጂ ለምርመራው አይከፍልም፤ ቀለም ቤቱም ያልተከፈለበትን አይመረምርም። በመሀል የሚያተርፈው መኪናዋን አብረቅርቆ የሚሸጠው ነው።

«አገር በስንት ነገር ተወጥሮ አንተ ስለ ኮፈን ታወራለህ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ስለ ኮፈን ነው። ምክንያቱም እዚህ አገር መኪና ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ያለ ትልቁ ንብረት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ አሁን መንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ፣ ደጋግመውም ይቀባሉ። የሚቀባው ነገር በበዛ ቁጥር የሚሸፈነውም ይበዛል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም አራት ያህል ንብርብር አለው። ብረቱ ላይ ዝገት መከላከያ፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻ ክሊር የምንለው ቀለም አልባ መከላከያ። ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከፀጉር ዘለላ ይቀጥናል። ፀሐዩን፣ ዝናቡን፣ አቧራውንና የወፍ ኩሱን የሚችለው ይህ ስስ ሽፋን ነው።

ፀሐዩ ደግሞ የእኛ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይሰማንም እንጂ ኮፈንና ጣሪያ ቀኑን ሙሉ ይጠበሳሉ። መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ የሆኑት፣ በሩ ደህና ሆኖ ጣሪያው የሚነጣው ለዚህ ነው።

እንግዲህ «ክሊሩ ተበላሽቷል» የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያየ በሽታ ይዟል። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው መደብዘዝ ነው። ላዩ ጉም የለበሰ ይመስላል፤ በጥፍር ሲዳሰስ ግን ለስላሳ ነው። ውኃ ሲነካው ያበራል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህ ላዩ ብቻ የተጎዳ ክሊር ነው፤ በቂ ውፍረት ካለው ፖሊሽ ያድነዋል። ፖሊሽ ግን በየጊዜው ጥቂት ማይክሮን ይዞ ይሄዳል። ለበዓል በመጣ ቁጥር ፖሊሽ የሚያስመታ ሰው ክሊሩን በገንዘቡ እያስጨረሰ ነው።

ሁለተኛው መላጥ ነው። ክሊሩ ከሥሩ ካለው ቀለም ተላቅቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፤ ጠርዙ ነጭ ነው፣ በጥፍር ይያዛል። እዚህ ላይ ፖሊሽ ምንም አይሠራም። እንዲያውም ጠርዙን እያነሳ ቁስሉን ያሰፋዋል።

ሦስተኛው መሰንጠቅ ነው፤ የወዳጄ ችግር። ይህ ሲሆን ምክንያቱ ፀሐይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ክሊሩ ከመጠን በላይ ወፍሮ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። ሃርድነሩ ከልኩ በላይ ወይም በታች ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። የሥሩ ቀለም ሳይደርቅ ተደርቦበት ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ቀድሞም የተሰነጠቀ ቀለም ላይ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ስንጥቁ የት ድረስ እንደወረደ ሳያዩ ዋጋ መናገር ግምት ነው።

ለማየት ደግሞ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። መኪናው ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ጥላ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ትንሽ ቦታ ላይ 1500 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየነከሩ ቀስ ብሎ መፈቅፈቅ ነው። የሚወጣው ነጭ ከሆነ እየተነካ ያለው ክሊር ነው፤ የመኪናው መልክ ያለው ከሆነ ወይ ክሊሩ አልቋል፣ ወይ መጀመሪያውኑ ክሊር የሌለው ቀለም ነው። ክሊሩ አልቆም ስንጥቁ ከታየ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ቤት ደግሞ የበለጠ ያያል፦ ቁጥሩ ከ200 ማይክሮን ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ድጋሚ የተቀባ ነው፤ ሺህ ከደረሰ ከሥሩ ስቱኮ አለ።

«ታዲያ ስንጥቁ ላይ ክሊር ብንደርብ ምን አለበት?» ለሚለው፣ የአዲሱ ክሊር ቲነር በስንጥቁ ገብቶ አሮጌውን ያብጠዋል፣ ያላላዋል። ሲደርቅም አዲሱ የተቀመጠው በሚንቀሳቀስ መሠረት ላይ ነው። ብረቱ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ላዩ ያለው አብሮ ይቀደዳል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ኖራ እንደ መቀባት ነው።

ትክክለኛው ጥገና አሰልቺ ነው። የተሰነጠቀው ንብርብር በሙሉ፣ ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ይወርዳል። ብረት ከተነካ ዝገት የሚከላከል ፕራይመር ይቀባል። ከዚያ መሙያ ፕራይመሩ፣ ከዚያ ማለስለስ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ በእያንዳንዱ ንብርብር መሀል አምራቹ የጻፈው ሰዓት ተጠብቆ። ክሊሩም በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ተቀላቅሎ ኮፈኑን እስከ ጠርዙ ይለብሳል። መሀል ኮፈን ላይ የሳህን ያህል ቦታ ብቻ ክሊር ረጭቶ ዳሩን ማመሳሰል ርካሽ ነው፤ ግን መጀመሪያ የሚላጠው ያ የሳሳው ዳር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የቀቢም የባለቤትም አይሆንም። ቶዮታ ራሱ በአሜሪካ አንዳንድ ሞዴሎቹን ኮዳቸው 040 እና 070 በሆኑ ነጭ ቀለሞች ምክንያት ከመደበኛው ዋስትና ውጭ ለመጠገን ተገዷል። ፀሐይ በጊዜ ብዛት ፕራይመሩንና ከሥሩ ያለውን ዝገት መከላከያ ያላቅቀው ነበር፤ ቀለሙ ከነክሊሩ እየተገነጠለ ይወድቃል። ላዩ ላይ ክሊር የሚረጭ ሰው እንዲህ ያለውን መኪና መቶ ጊዜ ቢረጨው ምን ይፈይዳል? ችግሩ ያለው ሁለት ንብርብር ወደ ታች ነው።

የሚቀርብብኝን መልስ አውቀዋለሁ፦ «ይህ ሁሉ ለሀብታም ነው፤ እኛ አቅማችን የቻለውን ነው የምናሠራው»። እውነት አለው። ግን ወዳጄን ተመልከቱ፤ ርካሹን ሁለት ጊዜ ከፍሎ ውዱ ፊቱ ቆሞ ጠበቀው። አቅም ለሌለው የምመክረው ርካሽ ቅብ ሳይሆን መተው ነው። ብረቱ ካልታየና ካልዛገ የተሰነጠቀ ክሊር መልክ ያበላሻል እንጂ መኪና አያቆምም። ጥላ ፈልጉለት፣ በኦሞ ማሳጠብ አቁሙ፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት፣ የወፍ ኩስ ሳይደርቅ አንሱለት። ብረት የታየበትን ቦታ ብቻ ከዝገት አድኑ። ገንዘብ ሲገኝ አንዴ በትክክል ይሠራል።

ስለ ቀቢውም ላንሳ። ከሃርድነር ጋር የሚቀላቀለው ክሊር አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው። ይህ ኬሚካል ቀቢዎችን ለአስም የሚዳርግ መሆኑ የታወቀ ነው። ደህና አሠራር ባለበት አገር ቀቢው ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚሰጠው ጭምብል ያደርጋል። በእኛ ሰፈር ልጁ ሻርፕ አፉ ላይ ጠምጥሞ፣ በር ዘግቶ ይረጫል። አቧራ እንዳይገባ ብሎ የዘጋው በር መርዙንም አብሮት ዘግቶበታል። አንዴ በትክክል መሠራት የነበረበት ኮፈን ሦስት ጊዜ ሲረጭ እኛ ሦስት ጊዜ ከፈልን እንላለን፤ እሱ ግን ሦስት ጊዜ ተንፍሶታል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንልመድ። አንደኛ፣ ቀለም ቤት ስንገባ «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ለምን ሆነ? የት ድረስ ወርዷል?» እንበል፤ ለሚመረምረውም ሰው የአሥር ደቂቃውን እንክፈለው። ሁለተኛ፣ የተሠራው ነገር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፦ አሮጌው ወርዷል ወይስ ተደርቦበታል? ስቱኮ አለው ወይስ የለውም? ይህ ወረቀት ከመኪናው ጋር ቢሸጋገር ቀጣዩ ገዢ የሚገዛውን ያውቃል፤ በትክክል የሠራው ቤትም ስሙ ይታወቅለታል። «ገና የተቀባች ናት» የሚለው ቃልም ማሻሻጫ መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ የሚያስነሳ ይሆናል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የወዳጄ ቪትዝ በመጨረሻ በትክክል ተሠርታለች፤ ኮፈኗ እስከ ብረቱ ወርዶ እንደ አዲስ ተቀባ። ሲወርድ ከሥሩ ሦስት ዓይነት መልክ ወጣ። ከእሱ በፊት የነበሩ ባለቤቶች እየሸፈኑ ያስተላለፉት ነው፤ ሒሳቡን የከፈለው ግን የመጨረሻው ገዢ ሆነ።