አለቃ የሌለው ሥራ የት ይገኛል?

የዛሬው ደብዳቤ ከአንድ የ24 ዓመት ወጣት የደረሰኝ ነው። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«እህቴ፣ በሁለት ዓመት ሦስት መሥሪያ ቤት ቀያይሬያለሁ። አሁን አንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው ያለሁት። ጠዋት 2፡30 ልፈርም ስቀርብ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ማታ ጓደኛዬ ሱቅ ሞባይል ስጠግን ግን ሰዓቱ መሄዱን አላውቅም። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ የቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ ማንም ሳያውቅ ልቀር ነው። ሰነፍ ነኝ ወይስ ለቅጥር አልተፈጠርኩም?»

ወንድሜ፣ ሰነፍስ አይደለህም። ቀን ሒሳብ ሲሠራ ውሎ ማታ ብሎን የሚፈታ ሰው ሰነፍ አይባልም። «ማንም ሳያውቅ» ያልከው ግን አስደነገጠኝ። እኔም አድርጌዋለሁና!

12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ገባሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ሰው ፊት ጮኸብኝ፤ ቦርሳዬን አንስቼ ውልቅ አልኩ። ለእናቴ ግን በምን አፌ ልንገራት? በማግስቱ እንደወትሮው ምሳ ቋጠረችልኝ፤ ተቀብዬ ወጣሁ። ወር ሙሉ ምሳዬን የበላሁት ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። የደሞዝ ቀን ሲመጣ ጉዴ ፈላ። እናቴ ሥራ ለምን ለቀቅሽ አላለችኝም። «ሽሮውን እኮ ከጎረቤት ተበድሬ ነው የቋጠርኩልሽ» ነው ያለችኝ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አሁን በጽሑፍ ነው የማድረው፤ አለቃ የለኝም እላለሁ። ውሸት! ክፍያ የሚያዘገይብኝ ሁሉ አለቃዬ ነው። አንተም ሱቅ ስትከፍት «ትናንት የቀየርክልኝ ስክሪን ዛሬ ጠፋ» ብሎ የሚቆጣው ደንበኛ አለቃህ ነው። አከራይህም አለች። ንግድ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። እኔ እነዚህን እችላቸዋለሁ፤ የቢሮውን አልቻልኩም። አንተስ?

መልሱን በወሬ አታገኘውም፤ ሞክረው። ሦስት ወር የቤት ኪራዩን ከማታው ገንዘብ ብቻ ክፈል። ለኪራይ ታወጣው የነበረውን ደሞዝ ዕቁብ ግባበት ወይ ባንክ አስቀምጠው። ሦስቱንም ወር ከቻልክ እጅህ ላይ መነሻ አለህ ማለት ነው። ካልቻልክ ሥራው ገና አልበሰለም፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው እንዳትሆን።

ስትወጣም በወጉ ውጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃህንም በነፃ የመቀበል መብት አለህ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፤ ከደሞዝህ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ አሠሪህ 11 በመቶ ይጨምርልሃል። ከወጣህ በኋላ የሚጨምርልህ የለም፤ ለእርጅናህ የምታስበው ራስህ ነህ።

ከሁሉ በፊት ግን እሑድ ቡና ሲፈላ የማታ ሒሳብህን የጻፍክበትን ደብተር ይዘህ አባትህ አጠገብ ቁጭ በል። ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ! ከጎረቤት አፍ ከሚሰሙት ካንተው ቢሰሙት ይሻላል።

በሉ፣ ሳምንት በሰላም ያገናኘን!