ያስመሸው ማን ነው?

የጃፓኖችን ትጋት የሚሰብኩ ጽሑፎች «ኢነሙሪ» የሚለውን ቃል ይወዱታል። በስብሰባ መሀል ወይም ባቡር ውስጥ ማንጎላጀት ማለት ነው። «እዚያ አገር የሚያንጎላጅ ሠራተኛ አይናቅም፤ ሲለፋ ያመሸ ነው ተብሎ ይከበራል» ይሉናል። አንባቢ ይደነቃል፣ ያጋራል። ሰውየው ማታ ለምን እንዳልተኛ ግን አይነገረውም።

መልሱ እዚያው ጃፓንኛ ውስጥ አለ። ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ ለጨዋታ ወይም ለስልክ ብሎ ሲያመሽ «ዮፉካሺ» ይባላል። ቃል በቃል ሌሊቱን ማስመሸት ነው። አስመሺው ራሱ ያልተኛው ሰው ስለሆነ ወቀሳውም የእሱ ነው፤ ወላጅ ልጁን የሚቆጣበት ቃል ነው። ሳይተኙ ማንጋት ደግሞ «ቴትሱያ» ነው፤ ለፈተና ያጠና ተማሪ ሲናገረው ድካምም ኩራትም አለበት።

ቢሮ ሲገባ ግን አስመሺው ይሰወራል። ትርፍ ሰዓት «ዛንግዮ» ነው፤ «መቅረት» እና «ሥራ» ከሚሉ ሁለት ፊደላት የተሠራ። ማን እንዳስቀረ አይናገርም። የከፋው «ሳቢሱ ዛንግዮ» ነው። «ሳቢሱ» ከእንግሊዝኛው «ሰርቪስ» የመጣ ሲሆን፣ በጃፓን ባለሱቅ ለደንበኛው በነፃ የሚጨምረውን ምርቃትም ይጠሩበታል። ሕጉ ክፈል የሚለውን ሰዓት ሳይከፍሉ ማሠራት የምርቃት ትርፍ ሰዓት ተባለ! ሌብነት እንዲህ ያለ ለስላሳ ስም አግኝቶ አያውቅም።

ኢትዮጵያ «ካይዘን»ን ኢንስቲትዩት አቋቁማ ተቀብላለች። ከሥራ ብዛት የተነሳ መሞትን የሚገልጸው «ካሮሺ» ግን በየሥልጠናው ሲነሳ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በግዙፉ የማስታወቂያ ድርጅት ዴንትሱ የምትሠራ የ24 ዓመት ወጣት ሕይወቷን አጠፋች። የሠራተኛ ጉዳይ ባለሥልጣናት መንስኤው የሥራ ጫና መሆኑን አረጋገጡ። በ2017 ፍርድ ቤት ድርጅቱን ሕገወጥ ትርፍ ሰዓት በማሠራት 500,000 የን ቀጣው። በጊዜው ምንዛሪ 5,000 ዶላር አይሞላም።

«ጃፓን ከዚያ ወዲህ ሕጓን አሻሽላለች» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከ2019 ጀምሮ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው ጊዜ በወር ከ45 ሰዓት እንዳይበልጥ ተገድቧል። በጥድፊያ ወር ግን 100 እስካልሞላ ድረስ ይፈቀዳል። መንግሥት አንድ ሞት ካሮሺ መሆን አለመሆኑን ሲመረምር ከሚያያቸው መለኪያዎች አንዱ በወር 100 ሰዓት ገደማ ትርፍ ሥራ ነው።