በአቶም ልክ የሚቀጥኑ ቁሶችና የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ኢንዱስትሪዎች ተስፋ

በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በርካታ ፋብሪካዎች ከተተከሉባቸው የሀገሪቱ አካባቢዎች መካከል ይጠቀሳሉ። በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ የተካተቱት እነዚህ ከተሞች በሚያመርቱት ምርት ይለያያሉ። በጅማ መንገድ የምትገኘው ሰበታ በጨርቃ ጨርቅ፣ በመጠጥና በምግብ ፋብሪካዎቿ፣ በጎጃም መንገድ የምትገኘው ሱሉልታ ደግሞ በታሸገ ውሃ ምርቷ ትታወቃለች። በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩ ለመዲናዋ ለረጅም ዓመታት ውሃ ሲያቀርብ የቆየው የገፈርሳ ግድብ መገኛ ናት።

ይሁንና ፋብሪካዎቹን አንድ የሚያደርጋቸው ጉዳይ አለ። ይኸውም ማሽኖቻቸውን የሚቆጣጠሩትን የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚያገኙት ከውጭ ሀገር መሆኑ ነው። መነሻውን ሰበታ አድርጎ እስከ ጂቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋውና መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚንቀሳቀሰው በእነዚሁ መሣሪያዎች አማካይነት ነው። የመሣሪያዎቹ ዋነኛ ክፍል ሴሚኮንዳክተር ወይም ከፊል አስተላላፊ በመባል የሚታወቀው ቁስ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚሠራበት ሲሊከን ነው።

ሲሊከን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪውን ሲመራ ቢቆይም፣ መጠኑ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገባ የመቆጣጠር ብቃቱ እየተዳከመ ይሄዳል። በመሆኑም ተመራማሪዎች ፊታቸውን በአቶም ልክ ወደሚቀጥኑ ቁሶች አዙረዋል። ለዚህም በር የከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 በእንግሊዝ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለውን ግራፊን ከግራፋይት ለይተው ማውጣታቸው ነው። ሳይንቲስቶቹ በ2010 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ይህ ሥራ የተከናወነው በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር መሆኑ የሚታወስ ነው።

ግራፊን ኤሌክትሪክን እጅግ በጥሩ ሁኔታ ቢያስተላልፍም ፍሰቱን ሙሉ በሙሉ ማቋረጥ ስለማይችል ለማብሪያ ማጥፊያነት አይመችም። ይህን ጉድለት ከሚሞሉት ቁሶች ዋነኛው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተሰኘው ውህድ ነው። ውህዱ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ለተሽከርካሪና ለፋብሪካ ማሽን መጋጠሚያዎች ከሚውሉት ጥቁር ግራሶዎች አንዳንዶቹ ይህንኑ ውህድ የያዙ ናቸው። ውህዱን ማለስለሻ ያደረገው ስስ ንጣፎቹ አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ መንሸራተታቸው ሲሆን፣ እስከ አንድ ንጣፍ ድረስ ለመለየት ያስቻለውም ይኸው ባሕርይው ነው። የአንዱ ንጣፍ ውፍረት ከአንድ ናኖ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ያነሰ ነው።

በፕላስተር የሚላቀቀው ንጣፍ ግን እጅግ ትንሽ በመሆኑ ለኢንዱስትሪ አይበቃም። ስለዚህ ቁሱን ማሳደግ የግድ ይላል። በተለመደው ዘዴ የሞሊብዲነም ኦክሳይድ ዱቄትና ድኝ በኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ገብተው በእቶን ይሞቃሉ። እንፋሎታቸው በአርጎን ጋዝ እየተነዳ ከ650 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጋለ የሰንፔር ወይም የሲሊከን ገጽ ላይ ያርፋል። በዚያም ጥቃቅን ሦስት ማዕዘን ክሪስታሎች እየበቀሉ ሄደው በመጨረሻ ይገጣጠማሉ። ሂደቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በሱሉልታ ሜዳ ሣር ላይ ከሚጋገረው ውርጭ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ውርጭ በቀዝቃዛ፣ ይህ ግን በጋለ ገጽ ላይ መሥራቱ ነው። ዋነኛው ፈተና ክሪስታሎቹ በተለያየ አቅጣጫ ሲያድጉ በመጋጠሚያቸው ላይ የሚፈጠረው ስንጥቅና ጉድለት የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ማወኩ ነው።

ያም ሆኖ የተመዘገበው ዕድገት ፈጣን ነው። በ2011 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከአንድ ንጣፍ የተሠራ ትራንዚስተር ይፋ ሆነ። በ2015 የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 4 ኢንች ስፋት ባለው ገጽ ላይ አንድ ወጥ ንጣፍ አሳደጉ። በ2025 ደግሞ በቻይና የፉዳን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 5 ሺህ 900 ትራንዚስተሮች ያሉት የኮምፒውተር አንጎል ከዚሁ ቁስ ሠርተው አሳይተዋል። በዘመናዊ የእጅ ስልክ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ ትራንዚስተሮች የሚገኙ በመሆኑ፣ ቴክኖሎጂው ገና በጅምር ላይ እንዳለ መገንዘብ ይቻላል።

ለኢትዮጵያ ትርጉም ያለው ነጥብም ይኸው ነው። በቢሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር የሚገነባ የሲሊከን ፋብሪካ ማቋቋም በቅርቡ የሚታሰብ ላይሆን ይችላል። በአንጻሩ በአቶም ልክ የሚቀጥን ቁስ የሚያድግበት እቶንና ቱቦ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ክፍል ውስጥ ሊተከል የሚችል ነው። ከዚህም በላይ ቁሱ እጅግ ስስ በመሆኑ ገጹን የሚነካውን ጥቂት ኬሚካል እንኳ የመለየት ችሎታ አለው። በውሃ ውስጥ ያለን ሜርኩሪ የሚለዩ ጠቋሚዎች ከዚህ ቁስ ተሠርተው በቤተ ሙከራ ደረጃ ታይተዋል። ተመራማሪዎች በሰበታ አካባቢ የኢንዱስትሪ ፍሳሽ በወንዞች ላይ ስለሚያደርሰው ብክለት በተለያዩ ጊዜያት ላጠኑት ችግር፣ ለገፈርሳ ውሃና ለሱሉልታ የውሃ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር እንዲህ ያለው ጠቋሚ የሚኖረው ፋይዳ ቀላል አይደለም።

በሀገር ውስጥ መነሻ የሚሆን አቅም መኖሩም አይካድም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ምሁራን ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ በሚውሉ የፖሊመር ከፊል አስተላላፊዎች ላይ ለዓመታት ሲመራመሩ ቆይተዋል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በናኖ ቴክኖሎጂ፣ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቁስ ሳይንስ የልህቀት ማዕከል አላቸው። በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የአዲስ አበባ ተወላጇ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌም በቁስ ሳይንስ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ካተረፉ ምሁራን አንዷ ናቸው።

ይሁን እንጂ እቶን ብቻውን ውጤት አያመጣም። ያደገው ንጣፍ አንድ ይሁን ሁለት የሚያረጋግጡ የመለኪያ መሣሪያዎች፣ ንጹሕ ጋዝና የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋሉ። ለበርካታ ደቂቃዎች በሚዘልቀው የማሳደግ ሂደት መካከል መብራት ከጠፋ የዕለቱ ሥራ ከንቱ ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሀገሪቱን የማመንጨት አቅም ከፍ ያደረገ ቢሆንም፣ ለቤተ ሙከራ ወሳኙ ኃይሉ ሳይዋዥቅ እስከ መሣሪያው መድረሱ ነው። ሌላው ክፍተት በፋብሪካና በዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ነው። ፋብሪካው የውሃና የፍሳሽ ችግሩን ለተመራማሪው ካላቀረበ፣ ተመራማሪውም ግኝቱን በፋብሪካው ካልሞከረ ሥራው ከጥናታዊ ጽሑፍ አልፎ አይራመድም።

በአጠቃላይ ሀገሪቱ በሲሊከን ዘመን ተጠቃሚ እንጂ አምራች ሳትሆን ቆይታለች። አዲሱ ቁስ ገና በየቤተ ሙከራው በማደግ ላይ ባለበት በዚህ ወቅት ግን ልዩነቱ እንደቀድሞው አልሰፋም። ዩኒቨርሲቲዎች መሣሪያዎቻቸውን በጋራ ቢጠቀሙና ትኩረታቸውን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የውሃ ችግር ቢጀምሩ፣ ከተሞቹ የውጭ መሣሪያ ተካይ ከመሆን አልፈው የራሳቸውን መሣሪያ የሚፈትሹና የሚያሻሽሉ የሚሆኑበት ዕድል አለ።