ክሱ በቴሌቪዥን፣ መልሱ የት?



ጥር 28 ቀን 2005 ማክሰኞ ማታ ኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚል ፊልም አሳየ። የታሰሩት ወንድሞቻችን በፖሊስ እጅ ሳሉ የተቀረጹት ምስል ከቦኮ ሐራምና ከአልሸባብ ምስል ጋር ተሰፍቶ ቀረበ። ጉዳያቸው ያኔ ፍርድ ቤት ነበር፤ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችንን አባላት ጨምሮ 29 ሰዎች በጥቅምት 2005 በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰው ክርክሩ ገና አላለቀም ነበር። ጠበቆቹ ፊልሙ እንዳይታይ አመልክተው እግድ ወጥቶ ነበር። ፊልሙ ታየ።

ፊልሙ ውስጥ ያለው ውሸት ሲነገር ሰንብቷል፣ ወደፊትም ይነገራል። እኔ ልጽፍበት የፈለግሁት ሌላ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ በመስጂድ ደጅ የምሰማው ጥያቄ «የመናገር ነጻነት ማለት ይሄ ነው? እንዲህ ያለውን የሚከለክል ሕግ የለም?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ተከትሎት የሚመጣው ንግግር ግን አንዳንዴ ያሳስበኛል። «ሥልጣኑ በእኛ እጅ ቢሆን አፋቸውን እንዘጋው ነበር» ይባላልና።

እዚህ ሰቆጣ ፊልሙ ያደረሰው ጉዳት ሌላ ቦታ ካደረሰው ይለያል። እኛ በዋግ ኽምራ ጥቂት ነን። ጎረቤቶቻችን፣ ደንበኞቻችን፣ የልጆቻችን የቀለም ትምህርት አስተማሪዎች ክርስቲያኖች ናቸው። ለቅሶ አብረን እንቀመጣለን፤ ሠርግ ሲሆን የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ወጡ ለየብቻ ይሠራል እንጂ ዳሱ አንድ ነው። ይህን ኑሮ ማንም አላወጀልንም፤ ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ ሰቆጣ ገበያ ከሚወጣበት ዘመን ጀምሮ እየተለመደ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ኢቲቪን ካላመነ ጁሙዓ ቀን አንዋር መስጂድ ሄዶ በዓይኑ ማየት ይችል ነበር። ሕዝቡ እጁን እንደ ታሰረ ሰው አጣምሮ በዝምታ ሲቆም፣ ቢጫ ካርድ ሲያውለበልብ አይቶ ይፈርድ ነበር። እዚህ ግን አብዛኛው ሰው ያየው ቴሌቪዥኑ ያሳየውን ብቻ ነው። ጋዜጣ ሰቆጣ ይደርስ የነበረው ወሬው ካረጀ በኋላ ነው፤ ያውም ከደረሰ።

ከፊልሙ በኋላ ለዓመታት እሳት የተጫጫርናቸው አንዲት ክርስቲያን እናት የእኔን እናት «ልጅሽ እነዚያን ሕፃናት የሚያስተምራቸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። በክፋት አልነበረም፤ ደንግጠው ነው። እናቴም «አሊፍ፣ ባ፣ ታ ነዋ!» አለቻቸውና ተሳሳቁ። ሳቁ ደግ ነው፤ ጥያቄው ግን አሁንም አለ። ለእኚህ እናት ልጆች «እስቲ የሌላውንም ወገን አንብቡ» ብዬ አንድ ወረቀት ብሰጣቸው ደስ ባለኝ።

የትኛውን ልስጣቸው? «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት ዋና አዘጋጁ ጋዜጠኛ ዩሱፍ ጌታቸው በሐምሌ 2004 ከታሰረ በኋላ ቆመ። በጥር 2005 ደግሞ የመጽሔቱ ባልደረባ ሰሎሞን ከበደ ታሰረ። በዚሁ መጽሔት ይጽፍ የነበረው ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል ራሱ ተከሳሽ ነበር። «ሰለፊያ» እና «ሰውቱል ኢስላም» ጋዜጦችም ቆሙ። የእኛ ያልሆኑትም አልተረፉም። በሐምሌ 2004 «ፍትሕ» ጋዜጣ የሙስሊሙን ተቃውሞና የወቅቱን ጠቅላይ ሚኒስትር ሕመም በመዘገቡ 30,000 ቅጂው እንዳይሠራጭ ታገደ። አዘጋጁ ተመስገን ደሳለኝ ሙስሊም አይደለም፤ የእኛን ጉዳይ የአገሩ ጉዳይ አድርጎ ስለያዘው ነው የተቀጣው። የአሜሪካ ድምፅ ዘጋቢው ፒተር ሃይንላይንም በግንቦት 2004 የጁሙዓውን ተቃውሞ ሊዘግብ ሄዶ ታስሮ አድሯል።

በደርግ ጊዜ የነበሩ ሰዎች የሳንሱር መሥሪያ ቤት ነበር ይላሉ። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ይነበባል፣ ይሰረዛል፣ ማኅተም ይመታበታል። ያ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ ማኅተም የሚመታ ሰው የለም። በእሱ ፋንታ እስከ 2012 ድረስ የ2001 የፀረ ሽብር አዋጅ ነበረ። አንቀጽ 6 እንደሚለው አንድ ጽሑፍ ሽብርን እንደሚያበረታታ ተደርጎ ሊታሰብ የሚችል ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያሳስር ነበር። ልብ በሉ፤ አበረታትቷል ተብሎ መረጋገጥ አልነበረበትም፣ አንባቢ እንደዚያ ሊረዳው መቻሉ ይበቃ ነበር። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በሐምሌ 2004 በዚህ አዋጅ 18 ዓመት ተፈረደበት። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሲኖር ሳንሱር አድራጊ መቅጠር አያስፈልግም። ጸሐፊው ራሱ እየፈራ ይሰርዛል፣ ማተሚያ ቤቱም እየፈራ ይመልሳል።

እና ለንግግር ወሰን የለውም እያልኩ ነው? አይደለም። ዲናችን ሐሜትን፣ ነገር ማዋሰድን፣ በሰው ክብር ላይ ያለ ማስረጃ መመስከርን ከከባድ ወንጀል ነው የቆጠረው። ሱረቱል ሑጁራትን የቀራ ደረሳ ሁሉ ወሬ ሲመጣለት ማጣራት ግዴታው መሆኑን ያውቃል። የአገሪቱም ሕግ ወሰን አለው። ያው አንቀጽ 29 የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግርን ይከለክላል፣ የሰውን መልካም ስም ለመጠበቅ ሕግ እንዲወጣም ይፈቅዳል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዝዛል። ስለዚህ «የሚከለክል ሕግ የለም?» ላሉት ወንድሞች መልሴ «አለ» ነው። እጁ በካቴና ያለን፣ መልስ የሚሰጥበት ጋዜጣ የተዘጋበትን ሰው በመንግሥት ገንዘብ ፊልም ሠርቶ አሸባሪ ማለት በየትኛውም ወሰን ከክልክሉ በኩል ነው። ችግሩ ወሰኑ የተሠመረው ለአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነበር። ዩሱፍ ጌታቸው ባሳተመው ታሰረ፤ ያንን ፊልም የሠራው ሰው ፍርድ ቤት ያገደውን አሳይቶ ቤቱ ገባ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። አንዳንዱን ሰው እንደማያስደስት አውቃለሁ፤ በሶብር አንብቡት።

ጥያቄያችን ከአወሊያ ጀምሮ ግልጽ ነበር። መጅሊሱ በሕዝበ ሙስሊሙ ይመረጥ፤ ምርጫውም መስከረም 27 ቀን 2005 እንደተደረገው በቀበሌ ሳይሆን በመስጂዳችን ይሁን። አወሊያ ለሕዝቡ ይመለስ። የአሕባሽ አስተምህሮ በመንግሥት ኃይል አይጫንብን። ሦስተኛው ላይ ቃሉን አስተውሉት፤ አይጫንብን ነው ያልነው። አሕባሽ አይናገር አላልንም። በ2003 ክረምት ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረውና ወደየክልሉ በወረደው ሥልጠና ያስቆጣን ሰውየው አስተምህሮውን ማቅረቡ አልነበረም። ኢማሙ በመንግሥት ደብዳቤ ተጠርቶ፣ ባይሄድ ሚንበሩን እንደሚያጣ እያወቀ፣ ተቀምጦ እንዲያዳምጥና እንዲቀበል መገደዱ ነው። ይህ ልዩነት ከጠፋብን ትግላችን ሁሉ ይጠፋብናል።

ታሪካችን ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ218 ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋው አል-መእሙን ዑለማውን አስጠርቶ ቁርኣን ፍጡር ነው እንዲሉ አስገደደ። ብዙዎቹ ፈርተው አሉ። ኢማሙ አሕመድ እምቢ ብለው ታሰሩ፣ በሙዕተሲም ዘመንም ተገረፉ። እያንዳንዱ ኡስታዝ ይህን በኹጥባው ይናገራል፤ እኔም ለልጆቹ እነግራለሁ። ደጋግመን የማንናገረው ቀጥሎ የሆነውን ነው። አል-ሙተወኪል መጥቶ ፈተናውን አነሣ፤ ጥቂት ቆይቶም የመንግሥት በትር አቅጣጫውን ቀየረና በትላንት አስገዳጆቹ ላይ ዞረ። በትሩ ያው በትር ነበር።

ከዚህ ይልቅ የኢማሙ ማሊክን ነገር አስቡት። የታሪክ ኪታቦች እንደሚያወሱት ኸሊፋው አል-መንሱር «ኪታብህን ሙወጠእን በየአገሩ ልኬ ሕዝቡ በእሱ ብቻ እንዲሠራ ላዝዝ» ሲላቸው እምቢ አሉ። ሶሐቦች በየአገሩ ተበትነዋል፣ በየአገሩ ያለው ሕዝብ የደረሰውን ይዟል፣ ተወው አሉት። ልብ በሉ፤ ሊጫን የነበረው የጠላታቸው ሐሳብ አልነበረም። የራሳቸው ኪታብ ነበር።

የኛ አገር ክርስቲያኖችም ይህን ቀምሰውታል። ከእኛ በስተደቡብ ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ በወሎ ሙስሊም ላይ ያመጣው ግዳጅ አባቶቻችን ሲያወሩት የኖሩት ነው። በዚያው ጉባኤ ግን «ሦስት ልደት» ይሉ የነበሩ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም አስተምህሯቸው ተከልክሏል። ለጎረቤቶቻችን ጉዳያችንን ስናስረዳ ከዚህ ብንጀምር የሚገባቸው ይመስለኛል። መንግሥት የሃይማኖት ዳኛ ሲሆን የሚጎዳው በአንድ በኩል ያለው ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሲዲ እየተባዛ ይሸጥ የነበረ የሃይማኖት ክርክር አለ፤ ከእኛም ወገን፣ ከእነሱም ወገን። ዕውቀት ያለበት አለ። ዝም ብሎ ስድብ የሆነም አለ። የእኛው ሰው የጎረቤታችንን እምነት እያንቋሸሸ ሲያስቅ ሰምተን ከሳቅን፣ ኢቲቪ እኛን ሲያንቋሸሽ ምን ብለን እንከሳለን? እንዲሁም አሕባሽን የተቀበለን ሰው ሁሉ ሚንበር ላይ ቆሞ ካፊር የሚል ዱዓት ሲገኝ ጀማዓው ዝም ማለት የለበትም። ይከልክሉት፣ ፖሊስ ይጥሩበት እያልኩ አይደለም። ከሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ ማስረጃህ የታል?» ማለት ይበቃል።

ስለዚህ ፊልሙን በተመለከተ መጠየቅ የነበረብን «ኢቲቪ ይዘጋ» ብለን አልነበረም። የተከሳሾቹ ጠበቆች በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ያህል ደቂቃ ሊሰጣቸው ይገባ ነበር። «የሙስሊሞች ጉዳይ» መመለስ፣ ጋዜጠኞቹም መፈታት ነበረባቸው። ፍርድ ቤት ያገደውን ያሳየው ማን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። ይህን ክርስቲያን ጎረቤታችንም አብሮን ሊጠይቀው የሚችል ነበር፤ ነገ ለእሱም ያስፈልገዋልና።

በእጃችን ያለውን እንሥራ። በእኛ መድረሳ ከፍ ያሉት ደረሶች ስለ አሕባሽ ሲጠይቁ «ተዉት» ማለት ትቻለሁ። የሼኽ ዐብደላህ አል-ሐረሪን ጽሑፍ አምጥተን አብረን እያነበብን፣ የተስማማንበትን እየተቀበልን፣ ያልተስማማንበትን ከነማስረጃው እየመለስን ነው። አንድ አባት መጥተው «ይህ ኪታብ መድረሳ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ተቆጡኝ። «ልጅዎ መልሱን ሳያውቅ ከተማ ቢወርድና ሌላ ሰው ቢያነብለት ይሻላል?» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ንባቡ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ይቀጥላል፤ እሳቸውም መጥተው እንዲሰሙ፣ ተሳስተን ካገኙን እንዲያርሙን ጋብዣቸዋለሁ። በሩ ለማንም ክፍት ነው።