ዙፋን በፏፏቴ ዳር

በታዛቢው (ዲላ)

በየካቲት 2010 ዓ.ም. «ብላክ ፓንተር» ሲወጣ፣ ጥቁር ንጉሥና ዋካንዳ የምትባል የሠለጠነች አፍሪካዊት አገር በሆሊውድ ፊልም አየን ብለን ፈነደቅን። ደስ ሊለንም ይገባል፤ የልብስ ዲዛይነሯ ሩት ካርተር በዚሁ ሥራ ኦስካር ተሸልማለች። ከደቡብ ኢትዮጵያ ሆኖ ለሚያይ ግን አንድ ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። ከንጉሡ ሸንጎ አባላት አንዱ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ፣ ከንፈሩ ላይ ትልቅ ሸክላ አድርጎ ይቀመጣል። ሸክላው ከሙርሲና ከሱሪ የተወሰደ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከንፈራቸው ላይ ሸክላ የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ፊልም ነውና ይሁን ብዬ አልፌዋለሁ። የከነከነኝ ፖለቲካው ነው።

ያን ሁሉ ቴክኖሎጂ የያዘች ዋካንዳ ንጉሥ የምትመርጠው ፏፏቴ ዳር በሚደረግ ግብግብ ነው። ትናንት ከአሜሪካ የመጣው ኪልሞንገር ንጉሡን ቲቻላን ገደል ሰዶት ዙፋኑ ላይ ሲወጣ፣ ሸንጎው ዝም፣ ሠራዊቱም እሺ። የዲላ አካባቢው የጌዴኦ ሕዝብ ግን «ባሌ» በሚባለው ሥርዓቱ ሥልጣንን በየ8 ዓመቱ ከአባ ገዳ ወደ አባ ገዳ ያስተላልፋል፤ ጉዳይ ሲገጥመው ሶንጎ በሚባለው ሸንጎው ላይ ተቀምጦ ይመክራል። አስተዳዳሪዎቹ ወንዶች መሆናቸው አይካድም፤ በዚህ በኩል ሴት ጄኔራል ያላት ዋካንዳ ትበልጣለች። ዙፋኑን ለጡንቻ መተዉ ግን ኋላ ቀርነት ነው፤ ማንም «አፍሪካዊ ባህል ነው» ብሎ አያሳምነኝ።

«አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ወጣ። ጀግኖቹ ግንባሩ ላይ ድንጋይ ያለበትን ጓዳቸውን ለማዳን ዋካንዳ ድረስ መጡ፤ ጦርነቱም እዚያው ሆነ። አጥሩን ያስከፈተው ራሱ ቲቻላ ነው። ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ወታደሮቹ ሜዳው ላይ ይረግፋሉ፤ ካሜራው ግን የሚሮጠው ወደ እንግዶቹ ነው። እነሱ ለጓዳቸው ሲያለቅሱ፣ ለዋካንዳ ወታደር ያለቀሰ የለም።

በዚያው ሚያዝያ ጌዴኦና ምዕራብ ጉጂ ላይ በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣ ግጭት ሰው ከቤቱ ይፈናቀል ጀመር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ሚሊዮን ተጠጋ። ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት ሕንፃዎች ሳይቀሩ መጠለያ ሆኑ። ለዚህ ዓይነቱ ደም ሁለቱ ሕዝቦች ጎንዶሮ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አላቸው፤ በዳይና ተበዳይ የሚታረቁበት። ጎንዶሮ ሁሉን ይፈታል አልልም፤ በዚያ ሰሞንም አልፈታውም። ሆኖም ሙግት አለው፣ ጥርጣሬ አለው፣ የሚከብድ ቃል የሚገባበት ሰዓት አለው። ለፊልም ደራሲ ከዚህ የሚበልጥ ምን ይመጣል?

«ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛም ታትሟል። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ነገ ጓደኞች አፍርቶ ቡድን ቢሆንና ወደ ፊልም ቢሻገር፣ የቡድኑ ስብሰባ ሶንጎ ላይ ይሁንልኝ። አንዱ «እንሂድ» ሲል ሌላው «ለማን ብለን ነው የምንሞተው?» ብሎ ይከራከር። ትኬቱን ዲላ ላይ ቀድሜ የምቆርጠው እኔ ነኝ።