ለለቅሶ የሚሮጥ እግር ለአራስ ምነው ከበደው?

በዋሽንግተንና በአካባቢው አንድ አበሻ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ወሬው ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ይዳረሳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ስልኩ ይጮኻል። ማታ በሟች ቤት አካባቢ የመኪና ማቆሚያ አይገኝም። እንጀራና ወጡ በትሪ በትሪ ይገባል፤ ጫማው በር ላይ ይከመራል። ሁለት ሥራ የሚሠራው ሰው እንኳ የጥበቃ ልብሱን እንደለበሰ ብቅ ብሎ «እግዜር ያጥናችሁ» ሳይል አያድርም። በስደት ብዙ ነገር ሲጠፋ ይህ አለመጥፋቱ የሚያስመሰግን ነው።

ሴት ስትወልድስ? በስልክ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል መልእክት ይላክላታል፤ ከሥሩ የአበባ ሥዕል ይደረግበታል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ክርስትናውን ይጠብቃል። ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን መሆኑ ነው። ሙስሊሙም ወገን ቢሆን በሰባተኛው ቀን አቂቃው ላይ በልቶ ከመረቀ በኋላ ወደየሥራው ይበተናል። እናቲቱ ሰው እጅግ የሚያስፈልጋት ግን ድግሱ በሌለበት በእነዚያ ባዶ ቀናት ነው።

ስሟ ይቆይና፣ አንዲት የ31 ዓመት ወይዘሮ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ሆቴል መኝታ ክፍል በማጽዳት ትሠራለች። የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባሏ ታክሲ ይነዳል። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ደሴ ያሉት እናቷ መጥተው ሊያርሷት አስበው ነበር፤ ቪዛው ግን አልተሳካም። በአምስተኛው ወር ፍራሽ ስታገላብጥ የምትውልበት ወገቧ አላስቀምጥ አላስተኛ አላት። የምትከታተላት አዋላጅ ነርስ ሌላ ምክንያት አለመኖሩን ካየች በኋላ «ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጥ ዮጋ አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሂጂ» አለቻት።

ወይዘሮዋ ሳቀች። ዮጋ ለእሷ ቀጭን ፈረንጅ ምንጣፍ በብብቷ ይዛ የምትሄድበት የሥራ ፈት ጨዋታ ነበር። አንድ ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩት ጎረቤቷ፣ እትዬ የምትላቸው፣ ደግሞ ሌላ ስጋት ነበራቸው። «የህንድ አምልኮ አይደለም ወይ? በሆድሽ ልጅ ይዘሽ!» አሏት። እትዬ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም፤ ዮጋ ሥሩ ከህንድ ሃይማኖት ነው። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ትምህርት ግን ባመዛኙ አተነፋፈስ፣ አቀማመጥና ሰውነት ማፍታታት ነው። ዜማ የሚዜምበት ቦታ ያጋጠማት ሴት ዝም ብላ የራሷን ጸሎት ብታደርስ የሚከለክላት የለም፤ ካልተስማማትም ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ጤነኛ የሆነች ነፍሰ ጡር በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል፤ ለእርግዝና እንዲስማማ ተደርጎ የተሻሻለ ዮጋንም ከማይጎዱት ውስጥ ይቆጥረዋል። የማይፈቅደው በጋለ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ነው። ደም የሚፈሳት፣ የደም ግፊት ያለባት ወይም ሐኪም ዕረፍት ያዘዘላት ግን ሳትጠይቅ ምንጣፍ ላይ እንዳትወጣ።

ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ሆዳቸው የገፋ ሴቶች አገኘች። በእጅና በጉልበት ተደግፈው ጀርባቸውን ቀስ ብለው ወደ ላይ ያጎብጣሉ፤ መልሰው ያስተካክላሉ። ትራስ በጉልበታቸው መካከል አድርገው በጎን ይተኛሉ። አየር በአፍንጫ ያስገቡና ከገባው ይልቅ የሚወጣው እንዲረዝም አድርገው ይተነፍሳሉ፤ ይህ ኋላ በምጡ ሰዓት ከሁሉም የጠቀማት ነገር እንደሆነ ትናገራለች። ወገቧም ጨርሶ ባይድን ቀለል አላት። ትልቁ ነገር ግን ከዮጋው በኋላ የመጣው ነው። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዷ እንዴት እንደሰነበተች በተራ ትናገራለች። እሷ ተራዋ ሲደርስ፣ ለገዛ ጓደኞቿ እንኳ ያልተናገረችውን፣ እናቷ መምጣት እንደማይችሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገረች። አስተማሪዋ ምንም አላለችም። አንድ ወረቀት አዞረች። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፤ ማን ምግብ ያደርሳል? ወረቀቱ ሲመለስ ለአራት ሳምንት ሞልቶ ነበር።

ሴት ልጅ ወለደች። በአገሩ ቢሆን ሦስት ጊዜ እልል ይባል ነበር፤ በአፓርታማው እልል ቢባል ጎረቤት ፖሊስ ይጠራ ይሆናል። ባሏ ለአንድ ሳምንት ታክሲውን አቆመ፤ ያላሽከረከረበት ቀን የማይከፈልበት ቀን ነው። ደሴ ካሉት አማቱ ጋር በስልክ እየተያየ ገንፎ ለማገንፋት ሞከረ። ጓጎለበት። (በስደት ስንቱ ወንድ ማማሰያ እንደጨበጠ ቢጻፍ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል።) የዮጋዎቹ ሴቶች በተባለው ቀን እየመጡ ሾርባውን ያስቀምጣሉ፤ የተከመረውን ዕቃ ያጥባሉ፤ እናቲቱ ገላዋን እስክትታጠብ ሕፃኗን ያቅፋሉ፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ይሄዳሉ። የአገሯ ልጆች መልእክት ደግሞ በባሏ ስልክ ላይ ተጠራቅሟል። «ስትበረታ እንመጣለን»፣ «እንዳናስቸግራት ብለን ነው»፣ «የሚያስፈልግ ነገር ካለ ደውሉ»። የማይደውል ሰው መሆኑን እያወቁ ደውሉ ማለት ምን ማለት ነው? ለቅሶ ቤት ማን ደውሎ ጠርቷቸው ያውቃል?

ሳይጠሩ የመጡት እትዬ ብቻ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን መካከሉ በቅቤና በበርበሬ የተሞላ ገንፎ ይዘው ወረዱ። ከአራሷ ትራስ ሥርም ቢላ አስገቡ። ባልየው ሊስቅ ቃጣው። ሰይጣን ብረት ይፈራል፣ አራስም ብቻዋን አትተውም የሚለውን የጥንት ልማድ ማንም እንደፈለገው ይየው፤ ሥራው ግን ግልጽ ነበር። ያ ልማድ ባለበት ቤት አራሷ አጠገብ ሌት ተቀን ሰው አይጠፋም፤ ፊቷ ሲገረጣ፣ ትኩሳት ሲይዛት፣ ወሬዋ ሲለወጥ የሚያይ ዓይን አለ። በስደት ቢላው ቀርቶ ቢሆን ጉዳት አልነበረውም። የቀረው ሰውየው ነው።

በዘጠነኛው ቀን አራሷን ራስ ምታት ያዛት። መድኃኒት ብትውጥ አልተወም። ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ታያት። እትዬ «ብርድ ነው የመታሽ» ብለው መስኮቱን ዘጉ፤ ግንባሯን በነጠላ አሰሩላት። ቀኑ ሐሙስ ነበርና የዮጋዋ ባለተራ ድስቷን ይዛ መጣች። ሁለተኛ ልጇን የያዘች ሴት ናት፤ በመጀመሪያው ወሊድ ያየችውን አይታለች። ድስቱን ሳታስቀምጥ «ግፊትሽ ተለክቷል?» ብላ ጠየቀች። ባልየው ከፋርማሲ መለኪያውን ገዝቶ ሮጠ። 168 በ112። እትዬ ከዚያ በኋላ ስለ ብርድ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ ከሁሉ ቀድመው የገቡት እሳቸው ናቸው። ሐኪም ቤት ማግኒዥየምና የግፊት መድኃኒት ተሰጣት። ሁለት ሌሊት አድራ ወጣች።

አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ከእርግዝና ጋር የሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት ልጅ ሲወለድ ያበቃል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ነገር ግን ከወሊድ በኋላም፣ በይበልጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሣ ይችላል። በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት ያልነበረባትንም ይይዛል። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ሲታይ በነጠላ አስሮ መቀመጥ አይገባም። 160 በ110 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ለነገ የሚባል አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ የንጽሕና መጠበቂያ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ የአንድ እግር ማበጥም እንደዚሁ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ከሁሉ በፊት «ከወለድኩ ይህን ያህል ቀን ነው» ማለት ያስፈልጋል፤ ጋሪ ያልገፋችን ሴት ማንም አራስ ናት ብሎ አይገምትም። ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ባልየው በደነገጠ አንደበቱ እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም።

ሌላው በሽታ በመለኪያ አይታይም። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ማልቀስና ሆድ መባስ በብዙዎች ላይ ይደርሳል፤ ያልፋልም። ካላለፈ፣ እንቅልፍ ሲገኝ መተኛት ካልተቻለ፣ ልጁን ማየት ካስጠላ፣ መሞት ካስመኘ ሕመም ነው። በዚህ አገር ከወለዱት ከስምንቷ አንዷ ገደማ የመንፈስ ጭንቀት ምልክት እንዳለባት ይነገራል። የአበሻ ሴት ደግሞ «ልጅ ሰጥቶኝ እያለቀስኩ እግዜርን ላስቀይም?» ብላ ትደብቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የእናቶች የስልክ መስመር፣ 1-833-852-6262፣ ሌት ተቀን በነጻ ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

ስለ ዱላም መናገር ያስፈልጋል። ወይዘሮዋ በክሊኒኩ «ዱላ ትፈልጊያለሽ?» ስትባል ክው ነበር ያለችው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ በምጥ ጊዜና ከዚያም በኋላ ከእናቲቱ ጎን የምትሆን የሠለጠነች ሴት ማለት ነው። አታዋልድም፣ መድኃኒትም አትሰጥም፤ ወገብ ታሻለች፣ ታበረታታለች፣ ቤት ድረስ መጥታ ትጠይቃለች። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከ2022 ጀምሮ ሜዲኬይድ ይከፍልላታል። እንግዲህ ይህ ዱላ የሚጠላ አይደለም።

ፈቃዱም እንደዚሁ ባለማወቅ የሚቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው፤ እሱም 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት የቆየችና በዓመቱ 1,250 ሰዓት የሠራች ከሆነች ነው። የዋሽንግተን ከተማ ግን ከ2020 ጀምሮ ክፍያ ያለው ፈቃድ ይሰጣል፤ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ለወላጅ 12 ሳምንት፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከወሊድ በፊት 2 ሳምንት ነው። ወሳኙ የሚሠሩበት ቦታ እንጂ የሚኖሩበት አይደለም። ወይዘሮዋ «እኔ የሜሪላንድ ሰው ነኝ» ብላ ልታልፈው ነበር።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በየከተማው ዕድር አለ። የአባላት ስልክ ዝርዝር አለው፣ ተጠሪ አለው፣ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ያዋጣል። ያ ዝርዝር ለአራስ እንዳይሠራ የከለከለው ማነው? ገንዘብ እንኳ አያስፈልግም። አንድ ተጠሪ፣ አርባ ቀን፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ምግብ፤ ይኸው ነው። አራስ ጥየቃ ማለት ግን ሄዶ ቡና እየጠጡ አራት ሰዓት መዋል አይደለም። እጅ ታጥቦ መግባት፣ ጉንፋን ያለበት መቅረት፣ ሕፃኑን አለመሳም፣ የተከመረውን ዕቃ አጥቦ መሄድ ነው። «ወፈርሽ» ማለት ይቅር። ለሕፃኑ ቅቤ ማዋጥ፣ ውሃ መስጠትም ይቅር፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ይበቃዋል፣ ማር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላው በምንም ዓይነት አይሰጥም። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ነጠላው፣ ምርቃቱ አይቅር። ባልም አራስ ቤት እንግዳ አይደለምና ሳህን ቢያጥብ አያንስም።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው ብዙውን ተቀበሉ። በቅቤው ብቻ አልተስማሙም፤ «እኛ ቅቤ ውጠን አላደግንም?» ይላሉ። ሕፃኗን ግን አላዋጧትም።

ዛሬ ሕፃኗ መዳኽ ጀምራለች። እናቲቱና እትዬ በዚያው ፎቅ ለምትወልድ ሌላ የአገር ልጅ ወረቀት አዙረዋል፤ ልጅቱ ስምንተኛ ወሯ ነው። ማክሰኞን እትዬ ይዘውታል። ቅዳሜን ታክሲ ነጂው ባል ወስዶታል፤ ገንፎው አሁን አይጓጉልም ይባላል። ሐሙስ ገና ሰው አላገኘም።