ሒሳብ ለኑሮ፦ የሰማይ መንገድና የምድር መንገድ

ማካፈልን ተምረናል። ዛሬ በማካፈል ጉዞን እናስላ።

ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአውሮፕላን ግን ከጣቢያ እስከ ጣቢያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከምን መጣ? መኪናው ጣና ሐይቅን በምሥራቅ በኩል ይዞራል። አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ጊዜውን ለማወቅ ርቀቱን ለፍጥነቱ ማካፈል ነው። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 180 ለ60 ሲካፈል 3 ሰዓት ይሆናል። አውሮፕላኑ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ የሰዓት ሢሶ፣ ማለት 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ታዲያ አውሮፕላን ሁልጊዜ ይቀድማል? ቆዩ! ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ በመኪና 387 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያው ፍጥነት 6 ሰዓት ተኩል ያህል። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ግን መጀመሪያ በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ 3 ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያ 2 ሰዓት ቢጠብቅ፣ 1 ሰዓት ቢበር፣ ድምሩ 6 ሰዓት ሆነ። ለግማሽ ሰዓት ብሎ በሬ መሸጥ ይገባል ወይ? ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ከደጃፋችሁ ጀምራችሁ ቁጠሩ።

የቤት ሥራ፦ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢራመድ፣ ከቤታችሁ እስከ ገበያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በደብተራችሁ ሥሩት።